የዘፈን ግጥም ከወዴት ይቀዳል?

«የቀድሞ ዘፈን ቃል ነበረው፤ የዛሬው ግን ጩኸት ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር በአገራችን የተለመደ ሆኗል። ሽማግሌው በሰርግ ቤት ይለዋል፤ ሹፌሩ በመንገድ ይለዋል፤ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጐልማሳም ታናሽ ወንድሙን ሲገሥጽ ይለዋል። እኔም በአሰላ ከተማ መምህር እንደ መሆኔ መጠን፣ ይህን ቃል በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳልሰማው የሚያልፍ ሳምንት ጥቂት ነው። ነገሩ እውነትነት የሌለው አይደለም። ዳሩ ግን ከፍርድ በፊት ግራና ቀኙን መመልከት የዳኛ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ የቀድሞዎቹንና የዛሬዎቹን የዘፈን ግጥም ደራስያን አስተያይቼ፣ ጉድለቱ በማን ዘንድ እንደሚገኝ የሚታየኝን ለአንባብያን አቀርባለሁ።

«ለክርስቲያን ቤተ ሰብ በተዘጋጀ መጽሔት ላይ ስለ ዘፈን መጻፍ ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክርስቲያን ሊዘፍን ይገባዋልን፣ አይገባውምን የሚለውን ለአባቶች ትምህርት እተወዋለሁ። ነገር ግን ዘፈኑ በየቤታችን አለ፤ ልጆቻችንም ከመጽሐፍ ይልቅ ከእርሱ ብዙ ቃል ይማራሉ። ልጅ ፍቅርን፣ ናፍቆትንና ኀዘንን የሚናገርበት አንደበት በአብዛኛው የሚሠራው በሰማው ግጥም ነው። ስለዚህ ያን ቃል ማን እንደሚሠራውና ከወዴት እንደሚያመጣው ማወቅ የወላጅ ጉዳይ ነው።

አስቀድመን በንጽጽሩ ውስጥ ያለውን አድልዎ እናርም። የአርሲ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጭላሎ ተራራ ሥር ጀምሮ በአንድ ወገን እስከ በቆጂ፣ በሌላው ወገን እስከ ኢተያ ድረስ ያለው አገር የስንዴና የገብስ አገር ነው። የተወቃ ስንዴ በዐውድማ ላይ ሳለ ከገለባውና ከእብቁ ጋር ተደባልቆ ትልቅ ክምር መስሎ ይታያል። ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን ግን እብቁ ይሄዳል፤ ፍሬው ይቀራል። የአምሳና የስድሳ ዓመት ዘፈን እንዲህ ነፋስ የለየው ምርት ነው። የዛሬው ዘፈን ገና በዐውድማ ላይ ነው። እኛ ግን የትናንቱን ፍሬ ከዛሬው ክምር ጋር እናስተያይና «ዛሬ እብቅ በዛ» እንላለን።

ነፋሱም በእውነት ነፍሷል። አምኃ እሸቴ ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አምኃ ሪከርድስ በሚል ስም ካሳተማቸው ሸክላዎች መካከል ዛሬ በራዲዮ የሚደጋገሙት የተመረጡት ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የዚያን ዘመን ሙዚቃ «ኢትዮፒክ» በተባለ ተከታታይ እትም ለዓለም ማቅረብ ሲጀምር፣ ያቀረበው ያንኑ የተመረጠውን ነው። ለቤተ መንግሥት በዓል፣ ኋላም ለአብዮት በዓል በትእዛዝ የተገጠመውን ውዳሴ ግን ዛሬ በሰርጉ የሚያስዘፍን የለም። በዚያም ዘመን «ሆዴ» እና «ዓይኔ» በሚሉ ቃላት ብቻ ቤት የሚደፋ ባዶ ግጥም አልጠፋም፤ ጠፍቶ የቀረው ከጆሯችን ነው።

ወቀሳውም አዲስ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ ያገኟቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወጣቶች አዲስ አበባ መጥተው የነሐስ መሣሪያ ከነፉ ወዲህ፣ ማሲንቆና ክራር የለመደ ጆሮ «ይህ ደግሞ ምን ዐይነት ዘፈን ነው?» ማለቱ አልቀረም። ዛሬ እንደ ጥንት ዕቃ የምንሳሳለት የክብር ዘበኛ ዘፈን በጊዜው የወጣት ዘፈን ነበር። በ1933 ዓ.ም. የተወለደው ጥላሁን ገሠሠ ዝናው አገር ሲሞላ ገና የ20ዎቹ ዕድሜ ጐልማሳ ነበር። እንግዲህ «የዛሬ ወጣት» ብለን ስንወቅስ አያቶቻችን አባቶቻችንን የወቀሱበትን ቃል እንደምንደግም እናስተውል።

አድልዎውን ካረምን በኋላ ግን የሚቀር ልዩነት አለን? አለ። ፍሬን ከፍሬ ጋር ብናስተያይም እንኳ የሚታይ ልዩነት አለ።

የቀድሞው ደራሲ የሚሠራበት ቤት ነበረው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተደራጁ፤ በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ግጥሙን የሚደርሰው አንድ ሰው፣ ዜማውን የሚያወጣው ሌላ፣ የሚዘፍነው ደግሞ ሦስተኛ ነበር። እዮኤል ዮሐንስ በሀገር ፍቅር ተውኔትም የዘፈን ግጥምም ይደርስ ነበር፤ አፈወርቅ ዮሐንስም እንዲሁ በብዕሩ ይታወቃል። ተስፋዬ ለማ ግጥምና ዜማ ከመድረስ በላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን እየመራ የአገር ባህል መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ እንዲሰሙ ደክሟል። ኔርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የሙዚቃውን ወገን ያስተምርና ያቀናብር ነበር። አንድ ግጥም ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት የዜማ ደራሲው ይመዝነዋል፤ ድምፃዊው በአፉ ይቀምሰዋል፤ የክፍሉ ኀላፊ ይሰማዋል። የማይዋጥ ቃል ካለበት አንዱ ካልያዘው ሌላው ይይዘዋል።

ይህን ስል ዘመኑን እንደ ገነት አድርጌ ለመሣል አይደለም። በንጉሡም ዘመን በደርግም ዘመን ግጥም በመንግሥት መርማሪ እጅ ያልፍ ነበር። ምርመራው ብዙ እውነተኛ ቃል አፍኗል። አንዳንዱን ደራሲ ደግሞ ወደ ሰምና ወርቅ አሻግሮታል፤ በፍቅረኛ ስም አገርን፣ በጐርፍና በክረምት ስም የዘመኑን መከራ እንዲናገር አስገድዶታል። የዚያ ዘመን ግጥም ጥልቅ ሆኖ ከሚታይበት ምክንያት አንዱ ይኸው ጭንቀት ነው። ነገር ግን ግጥም እንዲጠልቅ ብሎ አፈናን የሚመኝ ጤነኛ ሰው የለም።

የሌላ ሰው ጆሮ ለግጥም ምን እንደሚጠቅም እኔ ያወቅሁት በቅኔ ቤት ነው። በልጅነቴ ዲቁና ተቀብዬ ጥቂት ዘመን ከቅኔ መምህር እግር ሥር ተቀምጫለሁ። ጀማሪ የሚቈጥረው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ከዚያ በዘአምላኪየና በዋዜማ በኩል እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ተማሪው ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ሆኖ ይቈጥራል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ ከዚያም «ሰሙ ከበደ፤ ወርቁ አልታየም» ወይም «ይህ ቃል ቤቱን ለመሙላት የገባ ነው» ይላሉ። በዚያ ሌሊት የማይተኛ ተማሪ ብዙ ነው። የዛሬው ቅኔ ተወድዶ ቢሞገስም እንኳ ነገ አይደገምም፤ ነገ አዲስ ይፈለጋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ሰው፣ ግጥም የሚበስለው በገጣሚው ልብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሌላው ጆሮም እንደ ሆነ ይማራል።

የዛሬው ወጣት ደራሲ ያጣው ይህን ነው። አንድ ልጅ በመኖሪያ ክፍሉ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ራሱ ይገጥማል፤ ራሱ ያዜማል፤ ራሱ ይቀርጻል፤ በሳምንቱም በዩቲዩብ ይለቅቀዋል። በዚህ ውስጥ ትልቅ ነጻነት አለ፤ ልንክደው አይገባም። ከመንግሥት መርማሪ ፊት አይቆምም፤ ከአሰላ ተነሥቶ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በአዲስ አበባ የሰው ደጅ አይጠናም፤ በአማርኛም በኦሮምኛም የልቡን ይናገራል። ነገር ግን የኔታ የለውም። «ይህ ቃል ቤቱን ለመሙላት የገባ ነው» የሚለው ሰው በአጠገቡ የለም። የሚያገኘው ምስክር የተመልካች ቍጥር ነው፤ ቍጥርም ስንት ሰው እንደ ሰማው እንጂ ምን እንደ ጎደለው አይናገርም።

ሁለተኛው ልዩነት የጊዜ መጠን ነው። የሸክላው ዘመን ዘፈን ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደመጥ ነበር፤ ካሴትም ሲመጣ ሰው አንዱን ገጽ ጨርሶ ይገለብጥ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ዘፈንን በቲክቶክ በሰከንድ ቈርጠው ይሰማሉ። የአማርኛ ግጥም ደግሞ በባሕርዩ በጥንድ ስንኝ የሚሄድ ነው፤ በመጀመሪያው ስንኝ ሥዕሉ ይነጠፋል፤ በሁለተኛው ነገሩ ይወድቃል። አዝማቹ ብቻ እየተቈረጠ ከተሰማ ደራሲው ለአዝማቹ ብቻ ይደክማል፤ መካከሉን እንደ መንገድ ዳር ሣር ይተወዋል። ስለዚህ ዛሬ አዝማቹን ሁሉም የሚያውቀው፣ ሌላውን ግን ማንም የማያስታውሰው ዘፈን በዛ።

ይህም ሆኖ የዛሬው ዐውድማ ባዶ አይደለም። ቴዎድሮስ ካሳሁን በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው» የተባለውን ሥራውን ባወጣ ጊዜ ስለ ዳግማዊ ምኒልክና ስለ ዐድዋ ከመማሪያ መጽሐፍ ያልጠየቁኝን ተማሪዎች ከዘፈኑ ተነሥተው ጠይቀውኛል። እጅጋየሁ ሽባባው «ዐድዋ» በተሰኘው ዘፈኗ የሰማነው ታሪክ የአያት ድምፅ ያለው ሆኖ ይሰማል። ሀጫሉ ሁንዴሳ በ2012 ዓ.ም. በሰው እጅ እስኪገደል ድረስ በኦሮምኛ የዘፈነው ብዙ ወጣት የልቡን ያገኘበት ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ከድሬዳዋ የተነሣውና በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ ዘመናዊ ዘፈን መንገድ ጠርጓል። የሴቶችም ነገር ሊታለፍ አይገባም። በቀድሞዎቹ የሙዚቃ ክፍሎች ሴት በአብዛኛው ዘፋኝ እንጂ የግጥም ደራሲ ሆና አትታይም ነበር። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ለብዙ ድምፃውያን ግጥም ሰጥታለች፤ ከእርስዋም በኋላ እንደ ዘሪቱ ከበደ ያሉ ሴቶች የራሳቸውን ቃል ራሳቸው ደርሰው ዘፍነዋል። በዚህ በኩል ዛሬ ከትናንት ይበልጣል።

እንግዲህ ተሰጥዎ አልጠፋም፤ ቤቱና ጊዜው ግን ተለውጧል። ከዚህ ሁሉ በታች ግን ሌላ ነገር አለ፤ የጽሑፌም ዋና ነገር እርሱ ነው።

የቀድሞው ደራሲ ግጥሙን ከራሱ ልብ ብቻ አልቀዳውም፤ ከሕዝብ ቀድቶታል። በዚያ ዘመን እናት በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ትገጥም ነበር፤ ገበሬው በዐውድማ ላይ በሬዎቹን ሲያበራይ ይገጥም ነበር፤ አልቃሽ በለቅሶ ቤት የሟቹን ኑሮ በስንኝ ታወጣ ነበር። አዝማሪ እንኳ ብቻውን አልነበረም፤ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። ሰሚው ራሱ ደራሲ ነበር ማለት ነው። በእኛም በአርሲ፣ በኦሮሞው ወገን፣ ጀግና በጌራርሳ የሠራውን ይናገራል፤ በሰርግ የሙሽራውና የሙሽሪት ወገኖች በግጥም እየተነካኩ ይጫወታሉ፤ መብትዋ የተደፈረ ሴት ካለች እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ አንዲቱ እየመራች ሌሎቹ እየተቀበሉ፣ በዜማ ይወጣሉ። ከእነዚህ መካከል «ደራሲ ነኝ» የሚል አንድም አልነበረም። ነገር ግን ወደ ከተማ ሄዶ በሀገር ፍቅር ወይም በክብር ዘበኛ ግጥም የጻፈው ሰው ከዚህ ምንጭ ጠጥቶ ያደገ ነው። ጆሮውን ያሠለጠኑት እናቱና ጎረቤቱ ናቸው። ሕዝቡም ግጥም ስለሚያውቅ ደካማውን ስንኝ ወዲያው ይለየው ነበር።

ይህ ምንጭ ለምን ደረቀ? ክፉ ሰው አላደረቀውም። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ የእናት ክንድ ዐረፈ፤ የወፍጮውም ግጥም ዐብሮ ዐረፈ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ርዳታ «ካዱ» የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት በአሰላ ከተቋቋመ ወዲህ፣ አርሲ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ ትራክተርና ኮምባይነር ቀድመው ከለመዱ አገሮች አንዱ ሆነ። ቀድሞ ቤተ ሰብና ጎረቤት በደቦ ተጠራርተው ለቀናት የሚያጭዱትንና የሚወቁትን ሜዳ ዛሬ ኮምባይነር በሰዓታት ይጨርሰዋል። በሞተሩ ድምፅ ላይ የሚገጥም ሰው የለም። እናቱ ወደ ድንጋይ ወፍጮ፣ አባቱ ወደ ማጭድ እንዲመለስ የሚፈልግ ልጅ አይኖርም፤ እኔም አልፈልግም። ድካሙ መቅረቱ በረከት ነው። ነገር ግን ከድካሙ ጋር የሄደውን ግጥም በሌላ ቦታ አልተከልነውም። ሰርጉን ለድምፅ ማጉያ ሰጠን፤ ለቅሶውን ለዝምታ፤ ማታውን ለስልክ። ከዚያም ተመልሰን «የዛሬ ደራሲ ቃል የለውም» አልን። ከደረቀ ጕድጓድ ውኃ ያልቀዳውን ልጅ እንስራው ባዶ ነው ብለን የምንወቅሰው በምን ፍርድ ነው?

ምንጩ ፈጽሞ እንዳልደረቀ ግን በቅርቡ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ ስለ የወል ቤት አስተማርኋቸው፤ ይኸውም በስድስትና በስድስት ተከፍሎ ዐሥራ ሁለት ቀለም ያለው፣ ብዙ ዘፈናችን የሚሄድበት ስንኝ ነው። ከዚያ እያንዳንዳቸው አንድ ጥንድ ስንኝ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝሁ። ብዙዎቹ በስልክ ከሰሙት ዘፈን ቃል ለውጠው አመጡ። ከሳጉሬ አካባቢ ገጠር የመጣች አንዲት ተማሪ ግን እንዲህ የሚል ጽፋ አነበበች፤

የዘራኸው ስንዴ ደረሰ ከደጄ፤
አንተ ብቻ ቀረህ ሳትደርስልኝ ልጄ።

«ደረሰ» የሚለውን ቃል አንባቢ ያስተውል። እህል በሰለ ሲባል ደረሰ ይባላል፤ መንገደኛ ቤቱ ሲገባ ደረሰ ይባላል፤ በጭንቅ ጊዜ የሚረዳ ሰው ሲመጣ ደረሰልኝ ይባላል፤ ለአካለ መጠን የበቃ ልጅም የደረሰ ልጅ ነው። አራቱም በሁለት ስንኝ ውስጥ ገብተዋል። በቅኔ ቤት ቢነገር የኔታ ራሳቸውን የሚነቀንቁለት ነው።

«ማን ገጠመው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እናቴ ናት፤ ስንዴ ስታበጥር ያለችው ነው» አለች። «ወንድሜ ዘሩን ዘርቶ ወደ ዐረብ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ስልክ ከደወለም ቈይቷል።» ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚያው መንገድ ያልሄደችበት ተማሪ ጥቂት ነውና። ልጅቱ ቀጥላ «ጋሼ፣ እናቴ እኮ ግጥም መሆኑን አታውቅም፤ ዝም ብዬ ያልሁት ነው ትላለች» አለችኝ። ከዚያም አንድ ጥያቄ አስከተለች፤ «ይህን ለዘፋኝ ብሰጠው የእናቴን ስም ይጽፉላታል?»

በሕጉ በኩል መልሱ አዎን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት አውቋል፤ ከዚያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ወጥቶ፣ የድርሰት ባለቤት ስሙ ከሥራው ጋር እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ከሥራው የሚገኘውንም ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ለ50 ዓመት እንዲያገኙት አዝዟል። በ2007 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሽሏል። በልማድ በኩል ግን መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም። ብዙ ደራሲ ግጥሙን አንድ ጊዜ በተቈረጠ ዋጋ ሸጦ ይሄዳል፤ ካሴት በየሱቁ ሲገለበጥ፣ ኋላም በስልክ ሲተላለፍ፣ የሚደርሰው ነገር አልነበረም። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ይህን ሲያሳስበው ኖሮ፣ በ2011 ዓ.ም. ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ዘፈን በሕጋዊ መንገድ በስልክ የሚሸጥበትን «አውታር» የተባለውን መተግበሪያ አቋቋመ፤ እርሱ ራሱ ግን በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐረፈ። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር በሙሉ አልቅሶለታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን በአፉ ላይ ያን ሁሉ ቃል ካኖሩት ደራስያን የሦስቱን ስም የሚጠራ ሰው ፈልጉ፤ ብዙ አታገኙም። በ2009 ዓ.ም. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለአሜሪካዊው ዘፋኝ ለቦብ ዲላን የተሰጠው በዘፈን ግጥሙ ነው። ዓለም ይህን ሙያ እንዲህ ሲያከብረው እኛ የደራሲውን ስም እንኳ አንጠይቅም። ስሙም እንጀራውም ከሌለ ጥሩ ገጣሚ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ቦታውን የሚይዘው ደግሞ የቸኰለ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከትንሹ እንጀምር ዘንድ ለወላጆች አራት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ልጃችሁ ዘፈን ሲሰማ ከመቈጣት በፊት «ይህ ስንኝ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ባዶ ከሆነ ራሱ ያፍርበታል፤ ፍሬ ካለው እናንተም ትማራላችሁ። ቍጣ ጆሮን ይዘጋል፤ ጥያቄ ግን ያሠለጥነዋል። ጆሮው የሠለጠነ ሕዝብ ባለበት አገር ደካማ ግጥም ብዙ ዘመን አይኖርም።

ሁለተኛ፣ በሰርግ ቤት የድምፅ ማጉያው ከመከፈቱ በፊት ለእናቶችና ለአክስቶች አንድ ሰዓት ስጡ። የሙሽሪትን ስም፣ የአባትዋን ቤት፣ የሰፈሩን ወንዝ እየጠሩ የሚገጥሙትን ማንም ባንድ አይገጥመውም። ወጣቶችም እንዲቀበሉ አድርጉ፤ የተቀበለ ልጅ ነገ ይመራል።

ሦስተኛ፣ እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ «ዝም ብዬ ያልሁት ነው» የሚሉትን ስንኝ ጻፉ። በአንድ ደብተር ላይ ከነባለቤቱ ስም፣ ከነዘመኑና ከነምክንያቱ ይጻፍ። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በተባለበት ቋንቋ ይቀመጥ። ነገ ከዚያ ቤት ደራሲ ቢወጣ ባዶ እንስራ ይዞ አይሄድም።

አራተኛ፣ የወደዳችሁትን ዘፈን ደራሲ ስም ጠይቁ፤ ልጆቻችሁም እንዲጠይቁ አድርጉ። ዋጋውን በሕጋዊ መንገድ መክፈል በሚቻልበት ቦታ ክፈሉ። የገበሬውን ስንዴ በነጻ ወስዶ «ዘንድሮ ምርት አነሰ» ማለት እንደማይገባ ሁሉ፣ የገጣሚውንም ቃል በነጻ ወስዶ ቃል ጠፋ ማለት አይገባም።

ለእናንተም ለወጣት ደራስያን አንድ ቃል አለኝ። የጻፋችሁትን ከመልቀቃችሁ በፊት ለአንድ ሰው አንብቡለት፤ ይልቁንም ለማያደንቃችሁ፣ ከተቻለም በዕድሜ ለሚበልጣችሁ። «ይህ ቃል ቤቱን ለመሙላት የገባ ነው» ቢላችሁ አትቀየሙት፤ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥታችሁ ቃሉን ለውጡ። ቅኔ ቤት ይህን ሥራ ሲሠራ ብዙ መቶ ዓመት ኖሯል፤ ለመሥራትም ከሁለት ጆሮ በቀር ብዙ መሣሪያ አላስፈለገውም።

ለተማሪዬ ጥያቄ የሰጠኋት መልስ ይህ ነበር፤ «ሕጉ ከእናትሽ ጋር ነው፤ ስለዚህ ለማንም ከመስጠትሽ በፊት በራስሽ እጅ ስምዋን ከሥሩ ጻፊ።» ጻፈችው። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት ጽሑፎች መካከል ተማሪዎች ቆመው የሚያነቡት ያንን ነው፤ ከሥሩም የአንዲት ገበሬ ስም አለ። በየቤታችን እንዲህ ያለ ስም ስንት እንደሚገኝ ከመቍጠራችን በፊት፣ የዘንድሮ ደራስያን ከድሮዎቹ ያንሳሉ ብለን ባንፈርድ መልካም ነው።